ቡችላዬ ክሊከሩን ስትሰማ አልጋ ሥር ትገባለች፤ ጅማ ላይ በዚህ መንገድ ያስተማረ አለ?

የቆጪዋ — ነሐሴ 4፣ ማታ 2:20

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ሁሌም አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን ቸግሮኝ ነው።

ቡኒ የምትባል ቡችላ አለችኝ። መልኳም እንደ ስሟ ነው፣ ግንባሯ ላይ ብቻ ነጭ ጣል ብሎባታል። የሀበሻ ውሻ ናት፣ አሥረኛ ሳምንቷን ይዛለች። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ያቺን ስትጫን ጠቅ የምትል ትንሽ ፕላስቲክ፣ ክሊከር የሚሏትን፣ ይዞልኝ መጣ። «በዚህ ቁጭ በይ፣ ነይ፣ ቆዪ ታስተምሪያታለሽ፤ ዱላ አያስፈልግም» አለኝና በማግስቱ ሄደ። አጠቃቀሙን አላሳየኝም።

እኔ የመሰለኝ መጥሪያ ነው። ስለዚህ በር ላይ ሳያት ጠቅ ጠቅ ጠቅ አደርግላታለሁ። የመጀመሪያው ቀን ጆሮዋን አቁማ አየችኝ። በሁለተኛው ቀን ከምንም አልቆጠረችኝም። በሦስተኛው ቀን እቅፌ ውስጥ እያለች ጆሮዋ ሥር ጠቅ አደረግኩባትና ዘላ ወርዳ አልጋ ሥር ገባች። አሁን እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ገና ነው የምትሸሸው።

ሌላም አለ። የምኖረው ተከራይቼ ነው። አከራዬ እማማ በኦሮምኛ ነው የሚያናግሯት። እኔ «ነይ» እላታለሁ፣ እሳቸው «ኮቱ» ይሏታል፣ ትንሹ ልጃቸው ደግሞ ወንድ መስላው «ና ቡኒ!» እያለ ይጮኻል። የማንን ትስማ? ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ ቤቴ ውስጥ የሥጋ ዘር የለም። በምን ላባብላት?

ጡረተኛው — ነሐሴ 4፣ ማታ 3:05

ልጄ፣ እኔ ሂርማታ 40 ዓመት ውሻ አሳድጌአለሁ። ውሻ በፉጨት ይጠራል፣ ሲያጠፋ ይገሠጻል፣ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ቁጭ በል፣ ተነስ፣ እጅህን ስጠኝ የሚባለው ለፊልም ነው። የግቢ ውሻ ሥራው ጅብና ሌባ መጠበቅ ነው። ያቺን ነገር ለወንድምሽ መልሺለት።

አንባቢ_ብቻ — ነሐሴ 4፣ ማታ 3:11

ጋሼ ዛሬም ምሕረት የለም።

ክዳን — ነሐሴ 4፣ ማታ 4:40

እህቴ፣ የተሳሳትሽው አንድ ነገር ብቻ ነው። ክሊከር መጥሪያ አይደለም፣ ትዕዛዝም አይደለም። «አሁን ያደረግሽው እሱ ነው፣ ጉርሻሽ እየመጣ ነው» ማለት ነው። እንደ ደረሰኝ ቁጠሪው፤ ከተቆረጠ ክፍያው ግዴታ ነው። አንቺ ሦስት ቀን ሙሉ ደረሰኝ ስትቆርጪ ከረምሽ፣ ሳንቲም ግን አልወጣሽም።

ታዲያ ጉርሻውን ዝም ብሎ መስጠት አይሻልም ወይ? አይሻልም። ቡችላ ቂጧን መሬት አስነክታ አንቺ ከኪስሽ አውጥተሽ እስክታጎርሻት ድረስ ተነሥታለች፣ ዘላለች፣ ጣትሽን ነክሳለች። የተከፈላት ለዝላዩ ይመስላታል። ጠቅታዋ ግን ቂጧ መሬት የነካበትን ቅጽበት ትይዝልሻለች። ስለዚህ ጠቅታው በዚያው ቅጽበት፣ ቢዘገይ በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ መሆን አለበት። ጉርሻው ሁለት ሦስት ሴኮንድ ቢቆይ ግን ግድ የለም፤ ታውቃለች፣ ትጠብቃለች።

አሁን ፈርታለችና ያቺን ክሊከር ለአንድ ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ክተቻት። እኔ ስጀምር ጅማ ውስጥ ክሊከር ፈልጌ አጣሁ። የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን መሀሉ እብጥ ያለ ነው፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ጠቅ ይላል። ሁለት ውሻ ያሳደግኩት በሱ ነው፤ ስሜንም ያገኘሁት ከዚያ ነው። ለፈራች ቡችላ ግን እሱም ኃይለኛ ነው። ጠቅ የሚል እስክሪብቶ ይሻልሻል፣ ድምፁ ለስላሳ ነው።

ቡኒ ስትራብ፣ ከምሳዋ በፊት፣ ከሷ ሁለት እርምጃ ርቀሽ መሬት ላይ ቁጭ በይ። እስክሪብቶውን ከጀርባሽ ያዢው። ጠቅ፣ ጉርሻ። ጠቅ፣ ጉርሻ። ምንም አታዝዢያት፣ ቁጭ ብትልም ብትቆምም ብታዛጋም ክፈያት። 10፣ 15 ጊዜ አድርጊና ተነሺ። በቀን ሁለት ሦስቴ ይበቃል። ሌላ ነገር እያየች ጠቅ ስትዪ አንገቷን አዙራ «የታል?» ብላ ካየችሽ ገብቷታል ማለት ነው። ከዚያ ክሊከሯን አውጪና በወፍራም ካልሲ ጠቅልለሽ ሞክሪ። በሁለተኛው ቀን አንዱን እጥፋት ፍቺ፣ በሦስተኛው ሌላውን። ከጆሮዋ ግን ሁሌም አርቂ፤ የሷ ጆሮ እንደኛ አይደለም።

የቆጪዋ — ነሐሴ 5፣ ጠዋት 1:15

የደረሰኙ ነገር አሳቀኝም አሳፈረኝም። ግን ተሳስቼ ጠቅ ባደርግስ? ሳትሠራ?

ክዳን — ነሐሴ 5፣ ጠዋት 1:50

ትከፍያለሽ። ስህተቱ ያንቺ ነው፣ የሷ አይደለም። አንድ ሁለቴ ብትሳሳቺ ምንም አይደርስም፣ አንዴ ጠቅ ብለሽ ብትከለክያት ግን ድምፁ ዋጋ ያጣል። አንድ ጠቅታ፣ አንድ ጉርሻ። ደስ አለኝ ብለሽ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የለም።

ገና_ሐኪም — ነሐሴ 5፣ ቀን 7:30

እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ፣ ስሜም እንደሚለው ገና ነኝ። ስለ ጉርሻው ልበል።

መጠኑ የአተር ፍሬ ያክላል፣ ከዚያ አይበልጥም። ሰው ትልቅ ቁራሽ ይሰጥና ውሻዋ ከአምስተኛው በኋላ ጠግባ ትተኛለች፣ ከዚያ «ሰነፍ ናት» ይባላል። ከዕለት ምግቧም ቀንሽለት።

ለጾሙ፦ የተቀቀለ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ካሮት፣ ጨው የሌለው ለውዝ፣ የደረቀ ዳቦ። በቤት ውስጥ ይሠራል። እውነቱን ለመናገር ግን በር ላይ ባጃጅ ሲያልፍ ከካሮት ጋር የሚቆይ ቡችላ አላየሁም። ጾሙ ያንቺ እንጂ የሷ አይደለም። የሙስሊም ሥጋ ቤቶች በፍልሰታም አይዘጉም፤ «ለውሻ ነው» ብለሽ ትንሽ ጉበት ወይም ሳንባ ግዢ።

ጥሬውን ግን በፍጹም! በእርድ ጊዜ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስል ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ የትል እጭ ነው። ውሻ ጥሬውን ከበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ሰው ይመጣል። ያ ከረጢት ሰው ላይም ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያድጋል። እንዲህ ያለውን ለውሻ አትወርውሩ፣ ቅበሩት። ደህናውንም ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀቅላችሁ፣ ያለ ጨው፣ ከትፋችሁ ስጡ።

ወጥ የነካው እንጀራም ጉርሻ አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ቸኮሌትም ክልክል ነው።

ክትባት ጀምራለች? የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ብዙውን ጊዜ 3 ወር ሲሞላት ነው የሚሰጠው፣ የፓርቮና የዲስቴምፐሩ (ሁለቱም ቡችላ የሚገድሉ በሽታዎች ናቸው) ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ይጀመራል፣ 16 ሳምንት እስኪሆናት እየተደጋገመ። እስኪያልቅ ብለሽ ቤት አትቆልፊባት። እስከ 14 ሳምንት ገደማ ያየችውን ነገር ነው ዕድሜዋን ሙሉ የማትፈራው። አቅፈሻት ውጪ፣ መሬት ሳታወርጃት ባጃጁን፣ አህያውን፣ ዣንጥላ የዘረጋውን ሰው ትይ። እያንዳንዱን ስታይ ጉርሻ።

ጡረተኛው — ነሐሴ 5፣ ማታ 2:00

እንግዲህ ለውሻ ስኳር ድንች! ጉድ ነው። እኔ የምጠይቀው ግን ቁም ነገር ነው። በምግብ የተማረች ውሻ ሌባ ሥጋ ቢወረውርላት ምን ትሆናለች? ቁጭ ትልለት ይሆን? ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ነው ተረቱ።

ክዳን — ነሐሴ 5፣ ማታ 2:45

ጋሼ ጥያቄዎ ትክክል ነው። ያልተማረችውም ትበላለች፣ የተራበችማ ቀድማ ትበላለች። በዚህ ዘዴ ግን «ተዪው» የሚል ትዕዛዝ ይገባል። በተዘጋ መዳፍ ጉርሻ ይያዛል፤ ታሸታለች፣ ትልሳለች፣ ትቧጭራለች። ዝም። አፍንጫዋን መለስ ያደረገች ጊዜ ጠቅ፣ ጉርሻው ግን ከሌላኛው እጅ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥጋው መሬት ላይ ተቀምጦ ዓይን ዓይንዎን ታያለች። ሰው የወረወረውን ሁሉ አትነካም ብዬ አልዋሽዎትም፣ ያንን ለማድረስ ወራት ይፈጃል። መጮኹን ግን ማንም አያስረሳትም፤ እሱ ከእናቷ የመጣ ነው።

ቡና_ለቀማ — ነሐሴ 5፣ ማታ 3:20

እኔ ከጅሬን ነኝ። ቋንቋውን ሁሉም ዘለለው። ውሻ ኦሮምኛም አማርኛም አያውቅም፣ ድምፅ ነው የሚለየው። ችግሩ የእማማ ኦሮምኛ አይደለም። ለአንድ ሥራ ሦስት ድምፅ መኖሩ ነው፤ ነይ፣ ና፣ ኮቱ።

አማርኛ ደግሞ በዚህ ላይ ያስቸግራል። ቁጭ በል፣ ቁጭ በይ፣ ቁጭ ይበሉ። ልጁ በተባዕት፣ አንቺ በአንስታይ፣ እንግዳ መጥቶ «እስቲ ቁጭ ትላለች?» ሲል በሌላ። እኛ ቤት ሁላችንም «ታኢ» ላይ ተስማማን። አጭር ነው፣ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ባሌ አማርኛ ተናጋሪ ነው፣ በሳምንት ለመደው። ለመጥራት «ኮቱ»ን ያዢ፣ እማማም ደስ ይላቸዋል። ወረቀት ላይ ጽፈሽ ኩሽና በር ላይ ለጥፊው።

እኛ የተለማመድነው አንድ ነገር ልጨምር። ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው። ለሶላት ታጥበው ሲወጡ ውሻዬ እየዘለለ ልብሳቸውን ይልስ ነበር። ልብሳቸውን ሊቀይሩ ይመለሳሉ፣ አይቆጡኝም፣ እኔ ግን በኀፍረት አለቅኩ። «አትዝለል» የሚል ትዕዛዝ የለም፤ ውሻ የሌለን ነገር አይማርም። በምትኩ ሰው በበሩ ሲገባ ቁጭ ማለትን አስተማርኩት። ቁጭ ያለ ውሻ መዝለል አይችልም።

የቆጪዋ — ነሐሴ 6፣ ቀን 6:10

«ታኢ» እና «ኮቱ» ጸድቋል። እማማ ወረቀቱን ሲያዩ ሳቁ፣ ትንሹ ልጅ ግን በኩራት እሱ ነው የጻፈው።

አራተኛ_ወንበር — ነሐሴ 6፣ ማታ 1:30

ትንሽ ታሪክ፣ ለጋሼም ጭምር። ፓቭሎቭ የተባለው ሩሲያዊ የምግብ መፈጨትን ሲያጠና ነው ውሾቹ ምግብ ሳይመጣ ምራቃቸው እንደሚንጠባጠብ ያስተዋለው። በምግብ መፈጨት ጥናቱ በ1904 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኖቤል ተሸልሟል። ሁሉም ሰው ደወል ይላል፣ እሱ ግን ሜትሮኖምም (ቀጭ ቀጭ እያለ ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ሌላም ድምፅ ተጠቅሟል። በኋላ አሜሪካዊው ስኪነር ጥያቄውን አዞረው፤ እንስሳው ራሱ የሠራው ሥራ ዋጋ ሲያገኝ ያንኑ ይደግማል። ተማሪዎቹ የነበሩት ማሪያንና ኬለር ብሬላንድ በ1940ዎቹ ይህንን ሥራ አድርገውት እንስሳ ማሠልጠን ጀመሩ።

ደስ የሚለው ግን የዶልፊኑ ነው። በ1960ዎቹ ሃዋይ ላይ ካረን ፕራየር ዶልፊኖችን ታሠለጥን ነበር። ዶልፊን በገመድ አይታሰር፣ በዱላ አይመታ፤ ብትቆጣው ወደ ገንዳው ሌላ ጥግ ዋኝቶ ይሄዳል። ያላት ፉጨትና ዓሣ ብቻ ነበር። ሲሠራ ፉጨት፣ ከዚያ ዓሣ። ይኸው ነው ወደ ውሻ መጥቶ ክሊከር የሆነው። ስለዚህ ጋሼ ፉጨቱ ላይ አልተሳሳቱም።

ጡረተኛው — ነሐሴ 6፣ ማታ 3:40

ዶልፊኑን ካነሣህ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በደርግ ጊዜ የቡና መጋዘን እጠብቅ ነበር። መቻል የሚባል ጥቁር ውሻ ነበረኝ። እራቱን የማስቀምጥለት ክዳኑ የጠበቀ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ነበር። ያ ክዳን ሲከፈት «ጧ» ይላል። መቻል የአዌቱን ወንዝ ተሻግሮ ቢሆን እንኳ ይመጣል። ስሙን ብጠራው አይመጣም፣ ብፎጭ ሲፈልግ ነው፣ ጣሳው «ጧ» ካለ ግን እየበረረ ነው። አንድ ሌሊት መቻል አጥሩ ጋ ጅብ ገጥሞ የጅቡን ጆሮ ይዟል፣ ድንጋይ ብወረውር፣ ብጮኽ የሚለቅ አልሆነም። ጣሳውን ከፈትኩት። ለቀቀና መጣ። ጅቡም ሄደ፣ ግማሽ ጆሮው ግን ሄደ፤ የመቻልን ነው የምላችሁ።

አስተማርኩት ብዬ አስቤው አላውቅም።

አንባቢ_ብቻ — ነሐሴ 6፣ ማታ 3:44

ጋሼ ከሁላችንም በፊት ጀምረው ነበር እኮ።

ጡረተኛው — ነሐሴ 6፣ ማታ 3:52

ስኳር ድንች ግን አልሰጠሁትም።

የቆጪዋ — ነሐሴ 14፣ ማታ 1:05

ተመልሻለሁ። ሰባት ቀን በእስክሪብቶ፣ ከዚያ በካልሲ። የትናንቱን ልንገራችሁ።

ዝናቡ የጅማ ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የራስን ድምፅ አያሰማም። ልብስ ላስገባ ሮጬ ስመለስ ቡኒ በሩ ሥር ቆማ ታየኛለች። እርጥብ እጄን እያራገፍኩ ጉበቷን ከፌስታል አወጣሁ። ክዳን እንዳለው ሳይሆን ራሴ ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት ጉርሻውን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ወደ ጭንቅላቷ ኋላ ወሰድኩት። አፍንጫዋ ተከተለ፣ አንገቷ ወደ ላይ ተቀለሰ፣ የኋላ እግሯ ታጠፈና ቂጧ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ዘጭ አለ። ጠቅ! ዝናቡ እያለ እንኳ ሰማችው፣ አልሸሸችም። ጎረሰች።

ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። በአራተኛው ጊዜ ባዶ እጄን ነበር ያነሣሁት፣ ያም ሆኖ ቁጭ። በሰባተኛው ደግሞ እጄን ሳላነሣ፣ ዝም ብዬ ሳያት፣ ራሷ ሄዳ ከፊቴ ቁጭ አለችና አፍጥጣ አየችኝ። «ክፈዪ» ነው የምትለው። እንባ መጣብኝ፣ አትሳቁ።

ጥያቄ፦ «ታኢ» የሚለውን ቃል መቼ ልጀምር? እስካሁን ምንም አላልኩም።

ክዳን — ነሐሴ 14፣ ማታ 1:40

ጎበዝ፣ ቃሉን አለማስቸኮልሽ ነው የጠቀመሽ። ሰው ሁሉ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፣ «ቁጭ በይ ቁጭ በይ ቁጭ በይ» እያለ ውሻዋ ቆማ ስታየው ይውላል። ለሷ «ቁጭ በይ» ማለት ቆሞ ማየት ይሆናል።

አሁን ከአሥር ዘጠኙን ጊዜ እንደምትቀመጥ እርግጠኛ ስትሆኚ፣ ልትቀመጥ ስትል ከዚያ ቀደም ብለሽ አንዴ ብቻ «ታኢ»። ጠቅ፣ ጉርሻ። ከዚያ በኋላ ቃሉን ሳትዪ የምትቀመጠውን አትከፍዪም፣ አለዚያ ቀኑን ሙሉ ፊትሽ ቁጭ ብላ ታስለቅስሻለች። በአንድ ጊዜ ከ5 ደቂቃ አትለፊ፣ ሳይሰለቻት ጨርሺ።

መተኛትም እንደዚያው ነው፣ ቁጭ እንዳለች ጉርሻውን ከአፍንጫዋ በቀጥታ ወደ መሬት፣ በሁለት እግሯ መሀል። ክርኗ መሬት ሲነካ ጠቅ። «ቆዪ» ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ አንድ ሴኮንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አንቺ ሳትንቀሳቀሺ። ርቀቱን ለሌላ ቀን ተዪው፣ ሁለቱን በአንድ ቀን አትጨምሪ። ከተነሣች አትቆጪ፣ ያለ ጊዜው አርዝመሽባታል ማለት ነው።

እንዲሁም ለመጥራት፦ «ኮቱ» ብለሽ ጠርተሽ አትምቻት፣ አትሰሪያት፣ አትጠቢያት። እነዚህን ልታደርጊ ከሆነ ራስሽ ሄደሽ አምጫት። ቃሉ ሁሌ መልካም ነገር ላይ ማረፍ አለበት።

አራተኛ_ወንበር — ነሐሴ 15፣ ጠዋት 4:00

እኔ የማልስማማበት አለ። ክሊከር ለምን? እኛ ዘንድ «ጎሽ!» አለ እኮ። አጭር፣ ቁርጥ ያለ፣ እጅ የማይዝ። በሬውንም ልጁንም በዚህ ነው ያሳደግነው።

ክዳን — ነሐሴ 15፣ ጠዋት 4:35

«ጎሽ» ግሩም ነው፣ እኔም ዛሬ የምጠቀመው እሱን ነው። ግን መጀመሪያ ላይ አይሆንም። «ጎሽ» የሚለው ሰው ሲደሰት አንድ ዓይነት፣ ሲደክመው ሌላ ዓይነት ነው፤ ለልጁም ይላል፣ ስልክ ላይም ይላል፣ ቡና ሲጠጣም ይላል። ውሻው የትኛው ለሱ እንደሆነ አይለይም። ክሊከር ግን ትናንትም ዛሬም አንድ ድምፅ ነው፣ ንዴት የለበትም። ሥራው ከገባት በኋላ ክሊከሩን አስቀምጦ በ«ጎሽ» መቀጠል ይቻላል። ክሊከር ለማስተማሪያ ነው፣ ለዕድሜ ልክ አይደለም።

የቆጪዋ — ጳጉሜን 2፣ ማታ 2:30

ዛሬ በቁጣ ነው የምጽፈው።

ከሥራ ስመለስ ትንሹ ልጅና ሦስት ጓደኞቹ ክሊከሯን ይዘው ግቢው ውስጥ ተራ በተራ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ቡኒን ያሯሩጧታል። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ መቶ ይሆናል። ጉርሻ የለም። ማታ ሞከርኳት፣ ጠቅ ስል ዘወርም አላለች። የአንድ ወር ሥራ!

ቡና_ለቀማ — ጳጉሜን 2፣ ማታ 2:50

ልጁን ከግቢ አታባርሪው፣ ሥራ ስጪው። ያንቺን ያህል ሰዓት አይሠራም፣ ግን ጉርሻ ቆራጭ ይሁን። እኔ የእህቴን ልጅ እንደዚያ ነው ያያዝኩት፤ መጀመሪያ ያለ ውሻ፣ እኔ እጄን ከፍ ሳደርግ ጠቅ እንዲያደርግ አለማመድኩት። ሲዘገይ ተሳሳቅን። አሁን ከኔ ይበልጣል፣ የልጅ እጅ ፈጣን ነው።

ገና_ሐኪም — ጳጉሜን 2፣ ማታ 3:15

አልጠፋም፣ አትፍሪ። ሁለት ቀን ከመጀመሪያው፣ ጠቅ ጉርሻ ብቻ። ከመጀመሪያው ጊዜ በፍጥነት ትመለሳለች። በነገራችን ላይ ልጆቹን ነክሳለች? በጨዋታም ቢሆን ጥርሷ ደም ካወጣ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ። ክትባቷ ቢጀመርም እንኳ።

የቆጪዋ — ጳጉሜን 2፣ ማታ 3:20

አልነከሰችም። የእብድ ውሻውን ክትባት ነሐሴ 26 ተወግታለች።

የቆጪዋ — ጥቅምት 23፣ ማታ 1:45

ረጅም ጊዜ ጠፋሁ። ቡኒ አምስት ወሯን አልፋለች፣ የወተት ጥርሷ እየረገፈ ነው፣ ጫማ የሚባል አልቀረልኝም። ትንሹ ልጅ ጠቅታ ላይ በልጦኛል፣ እውነት ነው የቡና ለቀማ ነገር።

ደስ ያለኝ ግን የዛሬው ነው። ጎረቤት ቡና ለቅመው በር ላይ ሸራ ዘርግተው ጀንፈል አስጥተዋል። ቡኒን በገመድ ይዤ ሳልፍ ገመዱ ከእጄ አመለጠ። ሮጣ ሄዳ አፍንጫዋን ጀንፈሉ ውስጥ ከተተች። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ክሊከሩ ቤት ነው፣ ጉርሻም የለኝም። «ተዪው!» አልኩ፣ አንዴ ብቻ። ምላሷ ወጥቶ ነበር እላችኋለሁ። ቆመች። አየችኝ። «ኮቱ!» ስል መጣች፣ ከንፈሯ ላይ አንዲት ፍሬ ተጣብቃ። «ጎሽ፣ ጎሽ!» እያልኩ ቤት ድረስ ሮጬ ወስጄ አንድ እንቁላል ቀቅዬ ሙሉውን ሰጠኋት።

ገና_ሐኪም — ጥቅምት 23፣ ማታ 2:10

እንቁላሉ ይገባታል! ይህን ወቅት ጅማ ያላችሁ ሁሉ ስሙ፣ ቡና ለውሻ መርዝ ነው። ካፌይኑ ነው፤ እሸቱም ጀንፈሉም የተቆላውም አተላውም። ውሻ ከበላው ዕረፍት ያጣል፣ ያስታውከዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከበዛ ያንፈራግጠዋል። ለትንሽ ቡችላ ብዙ አያስፈልግም። አተላውን የሚደፉበትን ቦታ እዩት፣ እዚያ ስኳርም አለበት፣ የሚስባቸው እሱ ነው። ምልክት ካያችሁ ጠዋት እስኪሆን አትጠብቁ።

ጡረተኛው — ጥቅምት 23፣ ማታ 2:30

ጎሽ ቡኒ። 40 ዓመት ውሻ አሳድጌ ይህን አላውቅም ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ስንቱን አሳልፈናል።

ክዳን — ጥቅምት 23፣ ማታ 2:48

ክሊከሯንስ አሁን ምን አደረግሻት? አንድ ሰው ሜንጢና ላይ ፈልጎ ጠይቆኛል፣ ካልፈለግሻት።

የቆጪዋ — ጥቅምት 23፣ ማታ 3:00

ኧረ ጠዋት ራሷ ቡኒ አኝካ ጨረሰቻት። ጥርስ ስትቀይር አላልኳችሁም? ለሰውዬው የማርማላታ ክዳን ስጠው።

ገና_ሐኪም — ጥቅምት 23፣ ማታ 3:02

ቆይ ቆይ። ውስጧ የብረት ስስ ቅጠል አለ። ዋጠችው ወይስ ተፋችው?

የቆጪዋ — ጥቅምት 23፣ ማታ 3:20

በባትሪ አልጋ ሥር ገብቼ ፈለግኩ። ብረቱ ሙሉውን አለ። ፕላስቲኩም አራት ቁራጭ ሆኖ ተገኘ፣ ከትንሹ ልጅ ጋር ገጣጥመን አየነው፣ የጎደለ የለም።